ከጨርቁ ሥር ያለው ሞተር

ልብስ ሰፊው በዕድሜው አንድም ነገር ገምቶ ልክ ሆኖ አያውቅም። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ "ትንቢቱ" የተባለውም በዚሁ ነው። ዛሬ ዝናብ የለም ካለ፣ ሰው ከመንገድ ተመልሶ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ኳስ ሊያዩ የሚሄዱ ጎረምሶች መጀመሪያ ሱቁ ደጃፍ ብቅ ይሉና፣ "ጋሼ ትንቢቱ፣ ዛሬ ማን ያሸንፋል?" ይሉታል። እሱም በከንፈሩ የነከሳቸውን ስፒሎች ሳያወጣ አንዱን ይጠራላቸዋል። እነሱም አመስግነው፣ እየተጎሻሸሙ፣ ሌላውን ሊደግፉ ይሄዳሉ።

ተቀይሞ አያውቅም። እንዲያውም "እኔ ባልኖርላችሁ መንገዱን ማን ያሳያችሁ ነበር?" እያለ ደረቱን ይነፋል።

ሚስቱንም ያገኛት እንዲሁ ነው። አግቢኝ ሊላት በሄደበት ቀን ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ፣ "እምቢ ትለኛለች፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ እንዲያው እንዳይቆጨኝ ነው የምሄደው" አለው። ታናሽ ወንድሙ ይህን እንደሰማ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ባልዲና ጨርቅ አንስቶ የሙሽራ መኪና ማጠብ ጀመረ።

ታናሽ ወንድሙ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከስፌት ሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች መንገድ ለመንገድ እየተያዩ ነው የኖሩት። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው በቀር መኪና ኖሮት አያውቅም፤ መንዳትም አይችልም፤ መኪና ሲያይ ግን ነፍሱን አያውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይሻገርና፣ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ካገኘ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል።

"ይሄማ ካንዴላው ነው" ይላል።

መካኒኩ ካንዴላውን ትቶ ሌላ ሌላውን ይፈትሻል። በዚህ ዘዴ ስንት ድካም እንደቀረለት እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ታዲያ ይህ ሰው ታመመ። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ከዚያ ሳሉ እንደ ቤተሰብ አብሮት መኖር ጀመረ፤ ኋላ ሐኪሙ መካኒኩንና የወንድሙን ሚስት ኮሪደር ላይ አስቁሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ሐኪሙ ብዙ ነገር አለ፤ መካኒኩ የገባው ግን መለዋወጫ የለውም ማለቱ ብቻ ነው።

የስፌት መኪናውን ከሱቅ አምጥተው ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤቱ፣ አልጋው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር አቆሙለት። ልብስ ሰፊው መስፋት ባይችልም እጁን አንዳንዴ መንኮራኩሩ ላይ ያሳርፋል። ሜትሩንም ከአንገቱ አላወርድም ብሎ በፒጃማው ላይ አንጠልጥሎት ይውላል። ሚስቱ በየጠዋቱ መጋረጃውን እየገለጠች፣ "እህሳ፣ እንዴት አደርክ?" ትለዋለች።

"ዛሬስ አበቃልኝ። ይቺን ሳምንት የምጨርሳት አይመስለኝም።"

"ተመስገን" ትልና እያንጎራጎረች ሻይ ልትጥድ ትሄዳለች።

ጋራዡ ውስጥ ከመካኒኩ ጋር የሚሠራው ቀለም ቀቢ፣ አንድ ነገር አፉ ላይ ከመጣ የማይውጠው ሰው፣ ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር፣ "ጋሼ፣ በርቱ! በየቀኑ ሞትኩ ይበሉ፤ እንደዚህ እያሉ የእኛን ቀብር ይደርሳሉ" ይለዋል። በሽተኛው እስኪያስለው ይስቃል።

እንግዲህ የአዲሱ መኪና ወሬ የተነሳው በዚህ መሐል ነው። በፈጣን መኪና የታወቀ አንድ ፋብሪካ፣ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጥ መኪና ላወጣ ነው ብሎ አንዲት ፎቶ ለቀቀ። ፎቶው ላይ መኪና የለም። በባዶ አዳራሽ መሐል ጥቁር ጨርቅ የለበሰ አንድ ነገር ቆሟል፤ በቃ። ምን ዓይነት ሞተር እንዳለው ትንፍሽ አላሉም። ዓለም ሁሉ ሥራውን ትቶ መገመት ያዘ። አንዱ ስምንት ሲሊንደር ነው ይላል፤ አንዱ ቱርቦ ያለው ስድስት ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሞተር የሚባል ነገር የለውም፣ በባትሪ ነው ይላል። ቀለም ቀቢው ይህን የመጨረሻውን የሰማ ጊዜ ምራቁን እንትፍ አለ።

ጋራዡ ውስጥ ግን ማንም ደፍሮ አልወሰነም። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው።

"ጋሼ ትንቢቱ ምን አለ?"

መካኒኩ ፎቶውን በስልኩ ወስዶ አሳየው። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤ ዓይኑ ከሕመሙ ጋር ደክሞ ስለነበር ጥቁር ነገር ብቻ ነው የታየው። "ይሄ ምኑ ፎቶ ነው፣ ጋኔን ነው እንጂ" አለ። ቀለም ቀቢው ሄዶ ግድግዳ የሚያህል አድርጎ አሳተመለትና ከአልጋው ፊት ለፊት ለጠፉለት።

ያኔ ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሳ። ሚስቱ፣ "ኧረ አንተ ሰውዬ! ተኛ!" ብትለው ወይ ፍንክች። ግድግዳ እየያዘ ፎቶው ጋ ደረሰና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"ያዝልኝ ያንን ጫፍ" አለው ወንድሙን።

"ጋሼ፣ ወረቀት እኮ ነው።"

"ያዝ ነው ያልኩህ።"

ለካ። ከመከለያው እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ ጭራው ለካ፤ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው።

"ይሄ ሳቲን ነው፤ ያውም ወፍራሙ። ሳቲን ሚስጥር አይችልም። ደንበኛዬ እፊቴ ቆሞ ሆዱን ቢስብ፣ እስትንፋሱን ቢውጥ፣ እኔ ቁልፉ ጋ ያለችውን መጨማደድ አይቼ ትናንት ምን ያህል እንደበላ አውቅበታለሁ። ተመልከቱ እዚህ፣ ኮፈኑ ላይ። ጨርቁ ተወጥሯል። ጎኑ ላይ ግን ተለቋል። ይሄ ደረተ ሰፊ ነው። ስምንት ሲሊንደር እንዲህ ያለ ትከሻ የለውም።"

"ታዲያ ስንት ነው?" አለ ቀለም ቀቢው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ።

"አሥራ ሁለት። ከፊት።"

"በቃ፣ ስምንት ነው!" ብሎ ቀለም ቀቢው ብድግ አለ። "ጨርሰናል! አሥራ ሁለት ከሆነማ ጉድጓዱን በምላሴ ነው የምጠርገው!"

ጉድጓዱ ጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር የሚገባበት፣ ዘይትና ጭቃ የሚጠራቀምበት ነው። የተሸነፈ ሊጠርገው ተማማሉ። በዚያው ቀን የጋራዡ ሰው ግማሹ ስምንት፣ ግማሹ ስድስት ብሎ ተሰለፈ።

"ከእኔ ጋር የሚቆም የለም?" አለ ልብስ ሰፊው፣ አልጋው ላይ ተመልሶ ትንፋሹን እየሰበሰበ። እየቀለደ ነበር። መካኒኩ ግን የጫማውን ጫፍ አየ። "ስድስት" ካሉት አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ መካኒኩ መኪና ሥር ተጋድሞ ሳለ ከፊቱ ሁለት እግሮች መጥተው ቆሙ። አንዱ እግር ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶውን ነው። የወንድሙን ሚስት እግር አወቀውና ከሥሩ ተንሸራቶ ወጣ።

"እትዬ? ምን ሆንሽ?"

"እንዴት አደርክ አልኩት።" አለች። "'ዛሬስ ቀለል ብሎኛል፤ የምድን ይመስለኛል' አለኝ።"

የቀለም መርጫው ድምፅ ቆመ።

"እንዲህ ብሎ አያውቅም" አለች። "አንድ ቀን እንኳ ብሎ አያውቅም። ምናለበት እንደ ወትሮው ሞትኩ ቢለኝ? ምን አደረግኩት?"

"እትዬ፣ ሰው ሁልጊዜ አይስትም እኮ።"

"እሱ ይስታል።"

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ቀስ ብላ አለችው፦ "አንድ ጊዜ ብቻ። በምንም ይሁን፣ በማይረባም ነገር ይሁን፣ አንድ ጊዜ ልክ ሲሆን ባየው ነፍሴ ትመለስ ነበር።"

እሷ ከሄደች በኋላ መካኒኩ እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ፤ ከዚያ ቀለም ቀቢውን፣ "እኔ አሥራ ሁለት ነው ብያለሁ" አለው።

"ከመቼ ወዲህ?"

"ካሁን ወዲህ።"

"አንተ መካኒክ ነህ። በዚህ ዘመን ማን አሥራ ሁለት ሲሊንደር ይሠራል? ሰው ይስቅብሃል።"

"ይሳቅብኝ።"

ቀለም ቀቢው አፉን ከፈተ፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። ይህ በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደደረሰበት እንጃ።

መኪናው የሚገለጥበት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ስልኩን የዘይት ቆርቆሮ ላይ አስደግፈው፣ ጋራዡ ሁሉ ዙሪያውን ተኮለኮለ። መካኒኩ እጁን ብብቱ ውስጥ ደብቆ ቆመ። አዳራሹ ታየ። መብራት ቦግ እልም አለ። አንዲት ረጅም ሴት የጨርቁን ጫፍ ይዛ ሳበችው።

መኪናው ያምራል፤ እሱን ማንም አልካደም። አስተዋዋቂው ሰውዬ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። መካኒኩ እስትንፋሱን ዋጠ።

ኮፈኑ ሥር ሻንጣ ነበር።

ከቆዳ የተሠራ፣ የሚያምር ሻንጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ሰውየው ሻንጣውን አንስቶ አሳየና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ክዳን ከፈተ፤ ሞተሩ እዚያ ቁጭ ብሏል። ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ።

ስድስት ያሉት ጮቤ ረገጡ። ቀለም ቀቢው ግን ራሱን ያዘ። "ተቃራኒውን ብዬ ተሳሳትኩ! እንዴት ተቃራኒውን ብዬ እሳሳታለሁ? ጋሼ ትንቢቱ ከነአካቴው ተበላሽተዋል ማለት ነው!" ዞር ሲል መካኒኩ የለም። መንገዱን እየተሻገረ ነበር።

መካኒኩ በሩን ሲገፋ የወንድሙ ሚስት ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አልጋው ላይ ያለው ሰውም አንገቱን ከትራሱ አንስቷል። ከመንገዱ ማዶ እስከዚህ ድረስ ምን እንደሚል አላሰበም ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን አፉ ራሱ ተናገረ።

"አሥራ ሁለት! ከፊት! ልክ እንዳልከው ጋሼ!"

ሚስቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ልብስ ሰፊው ግን አልጮኸም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ድምፁን አሰማኛ" አለ።

"እ?"

"የአሥራ ሁለት ሲሊንደር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ማየቱስ አልሆነልኝም፤ ልስማው።"

"ኔትወርኩ... ተቆረጠ። ቀድቼ አመጣልሃለሁ። መጣሁ!" ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጋራዡ ሲደርስ ቀለም ቀቢውን ክንዱን ይዞ ወደ ግቢው ጎተተው። እዚያ የመካኒኩ አሮጌ ፒክአፕ ቆማለች። የሰው መኪና ሁሉ እየጠገነ የራሱን ለነገ የሚል መካኒክ መኪና ምን እንደምትመስል የታወቀ ነው፤ በሯ በገመድ፣ መስታወቷ በፕላስተር፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ በሽቦ ነው የተያዘው።

"እኔ ነዳጅ እረግጣለሁ፤ አንተ ቅዳ። መጀመሪያ ግን እንደ አስተዋዋቂው ሁነህ ተናገር።"

"በምን ቋንቋ?"

"በፈለግከው! የውጭ ይምሰል!"

ቀለም ቀቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በአፍንጫው በኩል፣ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ቋንቋ ንግግር አደረገ። መሐል ላይ "አሥራ ሁለት ሲሊንደር" የሚል በንጹህ አማርኛ አስገባበት። መካኒኩ ረገጠ። ፒክአፗ አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጭስ ተፋች። የጎረቤት ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ልብሴን ገና ማስጣቴ ነው፣ እናንተ ከይሲዎች!" አለች። እሷም ተቀዳች። እንደገና ቀዱ።

ሲመለሱ ቀለም ቀቢው ደጅ ቀረ፤ መካኒኩ ስልኩን ወንድሙ ጆሮ አጠገብ ይዞ አሰማው። ሚስቱ አልጋው ግርጌ ቆማ የስፌት መኪናውን ተደግፋለች።

ልብስ ሰፊው ሰማ። "ድገመው" አለ። ሰማ። ቅንድቡን ሰበሰበ። ኮት ሲያስለካ እጁን ዝቅ ያደረገ ደንበኛ ሲገጥመው የሚሰበስበውን ዓይነት ነው።

"ድገመው።"

ለሦስተኛ ጊዜ ሰማና ዓይኑን ከፈተ።

"ይሄ የሚንቀጫቀጨው የኔ የኮት መስቀያ ነው።"



"የኔ መስቀያ ነው! ባለፈው ማርሚታህ ሲወድቅብህ ሱቅ መጥተህ ሽቦ አጣሁ ብለኸኝ አይደል? መስቀያ ቀጥ አድርጌ የሰጠሁህ? ያቺው ናት፤ ቅጭል ቅጭል ስትል ሰማኋት። ይቺ የአንተ ፒክአፕ ናት! ያ የሚለፈልፈውም ያ ወሬኛ ቀለም ቀቢ ነው!"

"ተያዝን!" አለ አንድ ድምፅ ከደጅ።

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ሳሉ መጣ፣ ሳቁ አሸነፈው። "ወይ እናንተ! ወይ እናንተ!" እያለ ብርድ ልብሱን መታ። ከዚያ፣ "ንገረኝ እስቲ አሁን። ስንት ነው?"

"ስድስት" አለ መካኒኩ፣ መሬት መሬት እያየ። "ያውም ከኋላ።"

"ከፊትስ ምን አለ?"

"ሻንጣ።"

"ሻንጣ!" ጣራውን አየ። "በሻንጣ ነው እንዲያ የተወጠረው? ሳቲን ከድቶኝ አያውቅም ነበር።"

መካኒኩ ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት ለማየት አልደፈረም። ድምፅዋን ነው የሰማው። "ልክ ነህ" አለች።

"ምኑን?" አለ ባሏ።

"ፒክአፕ ናት አልክ። ፒክአፕ ናት።" ጣቷን እንደ ዳኛ ቀሰረችበት። "ማንም ሳይነግርህ። ልክ አልክ አንተ ሰውዬ! ልክ አልክ!"

ቀለም ቀቢው ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። "እውነት እኮ ነው። ኧረ ጉድ! ጋሼ ትንቢቱ ልክ አሉ!"

ሦስቱም እንደ ተአምር አዩት። ልብስ ሰፊው ራሱ ደነገጠ፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ቀጥሎ የሚስቱን ዓይን አየ። እዚያ ውስጥ ያለውን፣ ሻይ እየጣደች ስታለቅስ የሰነበተችበትን ነገር አሁን ገና አየው። "የምድን ይመስለኛል" ያለው ትዝ አለው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር፤ ይህን የሚያደርገው ደንበኛን የሚያስከፋ ነገር ሊናገር ሲል ነው።

"ነይ ቁጭ በይ" አላት። ቁጭ አለች። "ልክ መሆን የጀመርኩት ዛሬ ነው አይደል? እድናለሁ ያልኩሽ ግን ከዚያ በፊት ነው። የድሮው አይቆጠርም።"

"ይቆጠራል" አለች።

"እሺ፣ ይቆጠር።" እጇን ያዘ። "ለማንኛውም ሥራዬን ሳልለቅ አንድ ትንቢት ልጨምርላችሁ። ቀብሬ ላይ ሰው አይመጣም። ይሄ ወንድሜና ፒክአፑ ብቻ ናቸው የሚመጡት። በደንብ ያዙልኝ።"

ይህን ሲል በዓይኑ መካኒኩን ጠቀሰው። መካኒኩ ጥርሱን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ሚስቱ እጁን ይዛ ሳለ፣ በጠዋት፣ ገና እንዴት አደርክ ሳትለው ሄደ።

በቀብሩ ቀን መካኒኩ ጥቁር ሱፉን ለበሰ፤ ወንድሙ የሰፋለት፣ ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ የሌለችበት ሱፍ ነው። ግቢው ወርዶ ፒክአፗ ውስጥ ገባና ቁልፉን አዞረ። ምንም። ደግሞ አዞረ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። "ይሄማ ካንዴላው ነው" አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም በሌለበት። ካንዴላውን ትቶ ሌላ ሌላውን ፈተሸ። አልነሳ አለች። ሰዓት ሄደበትና ጥሏት በእግሩ ወጣ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከስፌት ሱቁ አንስቶ እስከ ታች ድረስ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ኳስ የሚጠይቁት ጎረምሶች፣ የጎረቤቷ ሴት፣ የሙሽራ ልብስ የሰፋላቸው፣ ሱሪ ያሳጠረላቸው፣ ሐኪሙ ሳይቀር። መተላለፊያ ጠፍቶ መኪኖች ቆመዋል። ቀለም ቀቢው በሰዉ መሐል እየተጋፋ መጥቶ፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ፣ "ፒክአፗስ? በእሷ አልነበር የምትመጣው?" አለው።

"አልነሳ አለችኝ።"

ቀለም ቀቢው ሰዉን አየ፣ መካኒኩን አየ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መካኒኩም ያዘው። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሐል፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ድረስ ሳቁ። ሰዎች እያለቀሱ መሰላቸውና መንገድ ለቀቁላቸው።

የወንድሙ ሚስት ግን ከፊት ሆና ዞር አለች። ሳቅ መሆኑን አወቀች። "ምንድነው?" አለች በዓይኗ።

መካኒኩ ሰውን ከፍሎ ደረሰባትና በጆሮዋ፣ "ፒክአፗ ቀረች" አላት።

ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ከሻርፑ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ፣ እንባ እንዳዘሉ፣ በሳቅ ጠበብ አሉ።